በነፍስ ወከፍ ተሰፍሮ በማዕረግ የሚበላ መኖ፦ የአንድ የከሳ ፈረስ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከጃን ሜዳ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሰባት ፈረሶች የሚያሳድሩ አንድ አዛውንት ደውለው ከፈረሶቻቸው አንዱን መጥቼ እንድመረምርላቸው ጠየቁኝ። ፈረሶቹ ለግልቢያ ትምህርት፣ ለሠርግና ለበዓል ይከራያሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛ ለሠርግ አጀብ ሰባቱንም ጠይቋቸው፣ እሳቸው ግን አንዱን አስቀርተው ስድስቱን ብቻ ልከው ነበር። ምክንያታቸውን ሲነግሩኝ «ዶክተር፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ ሠርግ ብልክ ሰው ይታዘበኛል፤ ይበላል እኮ፣ ግን አይታይበትም» አሉ።

ይህን ጉዳይ ጽፌ ማስቀመጥ የፈለግሁት፣ ፈረሱ ከመታመሙ ይልቅ አለመታመሙ ስላስተማረኝ ነው። የከሳው ፈረስ በሕክምና ዓይን ሲታይ ጤነኛ ነበር። መኖውም በኪሎ ሲሰላ ለሰባቱም ይበቃ ነበር። የጎደለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ፣ በምርመራም በሒሳብም የማይታይ ነገር ነበር።

ዳራ

ግቢው ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የቆርቆሮ ክዳን ያለው ጋጣ፣ ከፊቱ ደግሞ መሬቱ የተረጋገጠ ክፍት ቦታ አለ። ፈረሶቹ ቀን ቀን የሚውሉት በዚህ ክፍት ቦታ ላይ ሳይታሰሩ ነው። ባለቤቱ እንደነገሩኝ ቀደም ሲል ጃን ሜዳ ሳር ላይ እየወጡ ይግጡ ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2012 ዓ.ም. የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ግጦሹ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፈረሶቹ ሙሉ በሙሉ ተገዝቶ በሚመጣ ድርቆሽ፣ የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካና ገብስ ላይ ናቸው።

መንጋው ውስጥ ድንጉላ የለም፤ ወንዶቹ ሁሉ የተኮላሹ (ሰንጋ) ናቸው። ሁሉንም በመልካቸው እጠራቸዋለሁ። የቆየችው አምባላይ ባዝራ (ሴት ፈረስ) አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ከእሷ ጋር መጋላ ሰንጋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ቦራ ባዝራ፣ ጉራቻ ሰንጋ እና ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ባዝሮች አሉ። ሰባተኛው ከሰላሌ ከተገዛ ዓመት ያልሞላው የሰባት ዓመት ዳማ ሰንጋ ነው፤ የተጠራሁትም ለእሱ ነበር።

እኔ ከመድረሴ በፊት የተደረገው

ዳማው በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት ወስዷል። በኅዳር ወር ደግሞ ሌላ ባለሙያ አይቶት መንጋጋው ላይ ሾለው የወጡ የጥርስ ጠርዞችን ሞርዶለታል። ሥራው ጥሩ ነበር፤ እኔም አፉን ከፍቼ ስመለከት የቀረ ነገር አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ጥርሱ ከተሞረደ ሁለት ወር አልፎም ሰውነቱ አልተመለሰም። ትኩሳት አልነበረውም፤ የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱና የአንጀቱ ድምፅ ደህና ነበሩ። በፋንድያው ናሙና ውስጥ የተገኘው የትል ዕንቁላልም እዚህ ግባ የሚባል ስላልነበረ ለሦስተኛ ጊዜ መድኃኒት የመስጠቱን ሐሳብ ተውነው። መድኃኒት ያለ ምክንያት በተደጋገመ ቁጥር ትሎቹ ይለማመዱታል።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ስህተት የመጣው ከደግነት ነበር። ባለቤቱ ፈረሱ ሲከሳባቸው በየቀኑ በግርግሙ ላይ ሁለት ኪሎ ፉርሽካ አስጨመሩ። በወሩ የወፈረችው አምባላይዋ ነበረች፤ አንድ ማታም ሆዷን ቆርጧት ስትንከባለል አድራለች። ፉርሽካ ደግሞ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ያለ ማመጣጠኛ ሲበዛ ለፈረስ አጥንት አይበጅም።

ሚዛን በሌለበት መለካት

በግቢው የከብት ሚዛን ስላልነበረ በልብስ ሰፊ ሜትር ተጠቀምን። የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ጫፍ ባለው ርዝመት እንደገና ይባዛና ለ11,880 ሲካፈል የፈረሱን ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ግምት ነው፤ ሆኖም ያው ሰው ጠዋት ከመኖ በፊት ያንኑ ቦታ እየለካ ሲከታተለው፣ ክብደቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን በበቂ ያሳያል። የዳማው ደረት 140፣ ርዝመቱ 132 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ክብደቱ ወደ 218 ኪሎ ወጣ። የአምባላይዋ ደረት 166፣ ርዝመቷ 136 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 315 ኪሎ ገደማ ሆነች።

ሜትር የሚለካው ትልቅነትን እንጂ ስብን ስላልሆነ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣውንና ከ1 (እጅግ የከሳ) እስከ 9 (እጅግ የወፈረ) የሚሄደውን የሰውነት ሁኔታ ደረጃም ጨመርንበት። አንገትን፣ ትከሻ መካከል ያለውን ጉብታ፣ ከትከሻ ኋላ ያለውን ክፍል፣ የጎድን አጥንትን፣ ወገብንና የጭራ ሥርን በዓይንም በእጅም መፈተሽ ይጠይቃል። ዳማው 3 አገኘ። አምባላይዋ 8 ነበረች፤ አንገቷ ላይ የተጋደመው ስብ በእጅ ይጨበጥ ነበር። እንዲህ የወፈረ ፈረስ በሐኪሞች አጠራር ላሚናይቲስ ለሚባለው የሰኮና ውስጥ ብግነት ይጋለጣል። ባለቤቱ ለዳማው ጠሩኝ እንጂ፣ እኔን ይበልጥ ያሰጋችኝ እሷ ነበረች።

ከዚያ መኖውን ሰፈርን። በቀን 30 ኪሎ ድርቆሽና ጭድ፣ 12 ኪሎ ደግሞ ፉርሽካና ገብስ ይቀርባል። በውስጡ ያለው ውኃ ሲቀነስ ወደ 37 ኪሎ ይሆናል። ሰባቱ ፈረሶች በድምሩ 1,790 ኪሎ ይመዝናሉ። አንድ ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል ብለን ብናሰላ 36 ኪሎ ገደማ ነው። ሒሳቡ ገጠመ፤ ባለቤቱም «አላልኩህም?» የሚል ፊት አሳዩኝ።

በግርግሙ ፊት

ቀጥሎ ያደረግነው ነገር ምንም ወጪ አልጠየቀም። ሁለት ጠዋትና ሁለት ማታ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አርባ ደቂቃ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ፤ ማን ማንን ከመኖ እንዳስነሣም ጻፍሁ።

ግርግሙ ከግድግዳው ጋር የተሠራ፣ ሦስት ሜትር ተኩል የሚረዝም አንድ የሲሚንቶ ገንዳ ነው። ፉርሽካው ሲፈስ አምባላይዋ መሃሉ ላይ አልቆመችም፤ ወደ ግራ ጫፍ ጠጋ ብላ ሰውነቷን በሰያፍ አጋደመችና የግርግሙን ግማሽ በጎኗ ዘጋች። ዳማው በቀኝ በኩል መጥቶ አፉን አገባ። አልተራገጠችም፤ አልነከሰችውምም። ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አፍንጫዋን አንድ ክንድ ያህል ወደ እሱ አስጠጋች። ዳማው የገብስ ፍሬ ከንፈሩ ላይ እንደተጣበቀ ራሱን አነሣ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ዞሮም በሌላው ጫፍ ለመግባት ሲሞክር መጋላው ዳሌውን አዞረበት። ከዚያ በኋላ መሬት የወደቀውን ጭድ መለቃቀም ያዘ።

በስልክ ሰዓት ለካሁ። ፉርሽካው በ12 ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከዚህ ውስጥ የዳማው አፍ ግርግሙ ውስጥ የቆየው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ነው። የአምባላይዋ አሥራ አንድ ደቂቃ ሞልቷል።

ባለቤቱም ሆኑ ለሃያ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት የፈረሶቹ አሳዳሪ ይህን ትዕይንት በየቀኑ ያዩታል፤ ግን ጠብ ነው ብለውት አያውቁም። አሳዳሪው «ዳማው እኮ ጨዋ ነው ዶክተር፤ ሲመጡበት ይለቃል እንጂ አይራገጥም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በአራቱ ጊዜያት ከጻፍኋቸው 112 የማስነሣት ድርጊቶች ንክሻ ወይም ርግጫ የነበረባቸው 9 ብቻ ናቸው። አብረው የኖሩ ፈረሶች ደረጃቸውን አንድ ጊዜ ከተዋወቁ በኋላ በጆሮና በአንገት ይግባባሉ፤ ጸጥታው የእኩልነት ምልክት ይመስላል። ዳማው በ160 ደቂቃ ውስጥ 47 ጊዜ ተነሥቷል፤ በየሦስት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ጊዜ ማለት ነው። እሱ ያስነሣው ፈረስ አልነበረም።

ከሰባት ፈረሶች 21 ጥንዶች ይወጣሉ፤ የ19ኙን ግንኙነት ለመመዝገብ ችያለሁ። ከላይ አምባላይዋና መጋላው፣ ከታች ዳማው ግልጽ ነበሩ። መሃል ላይ ግን ደረጃው መሰላል አልነበረም፦ ቦራዋ ጉራቻውን ታስነሣለች፣ ጉራቻው ትልቋን እኅት ያስነሣል፣ ትልቋ እኅት ደግሞ ቦራዋን ታስነሣለች። መጋላው በቁመት አምባላይዋን በአራት ጣት ይበልጣታል፤ ነገር ግን ስትመጣ ይለቅላታል። ማዕረጉ ከግዝፈት ይልቅ ከዕድሜና በግቢው ከመቆየት ጋር የሄደ ይመስላል፤ ዳማውም የመጨረሻው መጤ ነው። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ እያልን በፈረስ ስም የምንጠራ ሕዝቦች፣ የፈረሰኛውን ማዕረግ አሳምረን እናውቃለን፤ ፈረሶቹ እርስ በርሳቸው ስላላቸው ማዕረግ ግን የጠየቅነው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የመኖው ዓይነት ወሳኝ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ ለመጨረስ ፈረስ አርባ ደቂቃ ያህል ሲፈጅበት፣ አንድ ኪሎ ፉርሽካ ግን በአሥር ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ሜዳ ላይ የሚግጥ ፈረስ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት በመጋጥ ስለሚያሳልፍና ሳሩም የተበተነ ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ ቢባረር ከአሥር እርምጃ በኋላ ያንኑ ሳር ያገኛል። በአንድ ቦታ የተከመረ፣ ምርጥ የሆነና ቶሎ የሚያልቅ መኖ ግን ለአንድ አለቃ ለመያዝ ይመቻል። ጃን ሜዳ የነበረው ሳር ሲቀር የቀረው መኖ ብቻ አልነበረም፤ መሸሻውም አብሮ ቀርቷል።

የሞከርናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ ግርግሙን ትተን ሰባት ሳፋ ገዛንና ለእያንዳንዱ ፈረስ እኩል ሰፍረን በአንድ መስመር ደረደርን። ይህ እኔ ያመጣሁት ሐሳብ ነበር፤ አልሠራም። በሳፋዎቹ መካከል የነበረው ርቀት ከአንድ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ አምባላይዋ የራሷን ሳትጨርስ የጎረቤቷን ቀመሰች፤ የተነሣው ቀጣዩን አስነሣ፤ ግፊቱ እስከ ዳማው ደርሶ እሱ ከሳፋ ውጭ ቀረ። ሁለት ሳፋ ተገለበጠ፤ አንዱ ተሰበረ።

ሁለተኛው ዳማውን ለብቻው በዕቃ ቤት ውስጥ መመገብ ነበር። የሚያባርረው የለም፤ ሆኖም ባልንጀሮቹን ማየት ስላልቻለ በሩ ላይ እየተመላለሰ ይጮኽና ያልበው ነበር። ፉርሽካውን በግማሹ ትቶት ሲወጣ በሦስተኛው ቀን አቆምነው። በማዕረግ የመጨረሻ የሆነ ፈረስም ቢሆን ብቸኝነትን ከመባረር የሚመርጥ አይደለም።

በዚሁ መሃል አምባላይዋ ለሦስት ቀን ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ ወጣች። ባለቤቱ «ክፉዋ ስትሄድ እናያለን» አሉ። መጋላው በመጀመሪያው ማታ ቦታዋን ያዘ፤ ዳማውንም ከእሷ በባሰ አሳደደው። አምባላይዋ ደረጃዋ የጸና ስለነበር በጆሮ ብቻ ትገዛ ነበር፤ መጋላው ግን በጥርስ አደረገው። ከዚያ በኋላ ስለ አምባላይዋ ጠባይ መነጋገራችንን ትተን ስለ ቦታው አቀማመጥ ማሰብ ጀመርን።

የሠራው ቅንብር ይህ ነው። ፉርሽካውና ገብሱ በሚቀርብበት ሰዓት ሁሉም ፈረሶች ግድግዳው ላይ በተቸነከሩ ቀለበቶች በሦስት ሜትር ርቀት ይታሰራሉ። አምባላይዋ በአንደኛው ጥግ፣ ዳማው በሌላኛው ጥግ ሲሆኑ፣ ከእሱ ቀጥላ የቆመችው እምብዛም የማታስነሣው ትንሿ እኅት ናት። ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ብቻ ባንድ ጊዜ ይፈታሉ። ድርቆሹ ደግሞ ለሰባት ፈረስ በዘጠኝ ቦታ ይቀመጣል። አሮጌ የመኪና ጎማዎችን እንደ ገንዳ ተጠቀምንባቸው፤ ክብደት ስላላቸው አይገለበጡም። በክፍቱ ቦታ መሃል ከአጣና የተሠራ፣ በሁለቱም ጫፍ መተላለፊያ ያለው አጭር አጥር ቆመ። ሥራው መለየት አይደለም፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለ ፈረስ ከወዲህ ባለችው አለቃ ዓይን ሥር አይውልም። መውጫ የሌለው ጥግ እንዳይፈጠር ተጠንቅቀናል፤ ጥግ የያዘው ፈረስ መሸሻ ሲያጣ ነው ርግጫ የሚመጣው። አንድ የነበረው የውኃ በርሜልም ሁለት ሆኖ በተራራቀ ቦታ ተቀመጠ።

ማን ቀድሞ ይመገብ በሚለው ላይ ከአሳዳሪው ጋር ተከራክረናል። እሳቸው ለከሳው መቅደም ይገባዋል አሉ፤ ፍርዱ የሰው ፍርድ ነው። ባልታሰረ መንጋ ውስጥ ለዳማው ቀድመን ስንሰጥ ግን ሁለቱ አለቆች ወዲያው ወደ እሱ ሄዱ። ከላይ ጀምረን ስናድል አምባላይዋ አፏን ሞልታ ስትይዝ የሌሎቹ ድርሻ በሰላም ደረሰ። አሳዳሪው ደስ ባይላቸውም ተቀበሉት።

በመጨረሻም የአምባላይዋን ፉርሽካ ሙሉ በሙሉ አስቀርተን ገብሷን በጥቂቱ ብቻ ተውንላት። የዳማውን ድርሻ አልጨመርንም። የተሰፈረለትን ብቻ እንዲበላ አደረግን።

ከአራት ወር በኋላ

በግንቦት መጨረሻ የዳማው ደረት 149 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ክብደቱ ወደ 247 ኪሎ፣ የሰውነት ሁኔታ ደረጃው ወደ 5 ደረሰ። አምባላይዋ በደረት 161፣ በክብደት 297 ኪሎ ገደማ ሆና ደረጃዋ 7 ነበር፤ አሁንም ከሚገባት በላይ ናት። የመኖው ወጪ በመጠኑ ቀንሷል፤ የሰው ድካም ግን ጨምሯል፤ ጠዋት አንድ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆነ።

በእንግሊዝ ከቤት ውጭ በመንጋ በሚኖሩ ፈረሶች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በማዕረግ የሚበልጡት ፈረሶች በሰውነትም የወፈሩ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለ በአንድ ጊዜ የተወሰደ ልኬት ግን ማዕረጉ ያወፍር ወይም ውፍረቱ ማዕረግ ያሰጥ ለይቶ አይናገርም። በእኛ ግቢ ማዕረጉ አልተለወጠም፤ በግንቦት ደግሜ ስመዘግብ ዳማው አሁንም የመጨረሻ ነበር። የተለወጠው ቦታው ብቻ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ስለተከተለ፣ ቢያንስ በዚህ መንጋ ውስጥ ነገሩ ከማዕረግ ወደ ክብደት የሚሄድ መሆኑን ለማመን ያስደፍረኛል። አንድ መንጋ ማስረጃ አይሆንም የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም።

ለሌላ ግቢ የሚሆነው

ከአንድ በላይ ፈረስ ባለበት ግቢ አንዱ ብቻ ሲከሳ፣ ጥርሱንና ፋንድያውን ማየት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቀን አርባ ደቂቃ በርጩማ ላይ መቀመጥም የምርመራው አካል መሆን አለበት። እኔ ራሴ ከዚህ በፊት በነበሩኝ ጉዳዮች በመኖ ሰዓት ግቢ ውስጥ የተገኘሁት ከስንት አንዴ ነው፤ የምጠራው ፈረሶቹ ከበሉ በኋላ ነበርና። የወፈረውም ፈረስ የዚያው ችግር ሌላ ገጽ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም መለካት ያስፈልጋል። የመኖ ቦታ ከፈረሱ ቁጥር ቢያንስ በአንድ ወይም በሁለት ቢበልጥ፣ የተባረረው ሁልጊዜ የሚሄድበት አያጣም። ቁጥሩ በዝቶ ርቀቱ ካጠረ ግን፣ በሳፋዎቹ እንዳየነው፣ ዋጋ የለውም። ፈረሱን ማሰር የሚጠቅመው ቶሎ ለሚያልቀው መኖ ብቻ ነው፤ አሳሪው ሰውም እስከ መጨረሻው ከቦታው መራቅ የለበትም፤ ፈጥኖ የጨረሰው ቀድሞ ከተፈታ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ከክረምቱ በኋላ

በሐምሌ ክፍቱ ቦታ ጭቃ ሲሆንና በጎማዎቹ ውስጥ ያለው ድርቆሽ ሲበሰብስ፣ አሳዳሪዎቹ መኖውን ሁሉ ከክዳኑ ሥር ወደ አንድ ቦታ ከመሩት። አልፈርድባቸውም፤ የክረምት ድርቆሽ ውድ ነው። በነሐሴ ስለካው ዳማው ስምንት ኪሎ ገደማ ቀንሶ ነበር። ክዳኑን በሁለት ቆርቆሮ ወደ ጎን አስረዝመን ከሥሩ አምስት፣ ከአጥሩ ወዲያ በተሠራ ትንሽ ዳስ ደግሞ አራት የድርቆሽ ቦታ አደራጀን፤ በመስከረም ክብደቱ ተመለሰ።

በመስከረም መጨረሻ ባለቤቱ አንዲት ወጣት ባዝራ ገዝተው አመጡ። ለመለካት በሄድሁበት ጠዋት ወደ አንዱ ጎማ ስትጠጋ ዳማው ጆሮዎቹን ለጥፎ አንገቱን ዘረጋባት። አሳዳሪው ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ «አየኸው ዶክተር? ጨዋነቱን ተወው» አሉ። ዐሥረኛና ዐሥራ አንደኛ ጎማ እንዲገዛ ተነጋገርንና ሜትሩን አውጥተን የአዲሷን ባዝራ ደረት ለካን፤ 143 ሴንቲ ሜትር ሆነ።